በሽማግሌ የታቀፉ እንቁላሎች

ስለ ዶሮ የሚጠየቅ ነገር ካላችሁ እኔን ጠይቁኝ። ዶሮ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ በረንዳችን ሁለት ባልዲና አንድ የተሰበረ ወንበር ይዟል፣ ከዚያ በላይ አይችልም። ይሄ ግን እውቀቴን ጎድቶት አያውቅም። ዶሮ ያለው ሰው ሐሳቡ ይበታተናል። አንዷ ታስልበታለች፣ አንዷ ትጠፋበታለች፣ አንዷ የጎረቤት ጎመን በልታ ታጣላዋለች። ዶሮ የሌለው ሰው ስለ ዶሮ ሲያወራ ግን ሸለምጥማጥ እንኳ አያቋርጠውም።

ደግሞ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ አስተማሪዬ እኔው ነኝ። ፈተናውን የማወጣው እኔ፣ የምፈተነው እኔ፣ የማርመው እኔ። እስከ ዛሬ ወድቄ አላውቅም። ኤሌክትሪክ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው። ባለቤቴ ወይንሸት የወጥ ቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ በደረቅ ፎጣ ይዛ ነው የምታበራው፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

ማዞሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የፎቶ ኮፒ ሥራ ደንበኛ ሲመጣ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ደንበኛ ሲጠፋ ግን ሙሉ ቀን ነው። እንዲህ ባለ ሙሉ ቀን ነው «የጓሮ ዶሮ ወዳጆች» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የገባሁት። የገባሁት በስህተት ነበር፤ ዶሮ ወጥ የሚሠሩ ሰዎች መስለውኝ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት «ዶሮዬ እንቁላል ሳይኖራት መታቀፍ አልተው አለች፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። «ሦስት ቀን ጎረቤት ወስደሽ አሳድሪያት» አልኳት። ይሄንን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። መልሱ ብቻውን ትንሽ ራቁቱን የቀረ ስለመሰለኝ ከሥሩ «በልምድ የተረጋገጠ» ብዬ ጨመርኩበት። አርባ ሰው አውራ ጣት ሰጠኝ። በሠርጌ ቀን እንኳ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ተስማምቶብኝ አያውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄ አላስተረፍኩም። ስለ ትል መልሻለሁ፣ ስለ ላባ መርገፍ መልሻለሁ፣ ስለ አውራ ዶሮ ጠባይ ረዘም ያለ ነገር ጽፌያለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ በክብር ኖርኩ።

በግሩፑ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚከበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ጋሽ ሞላ ናቸው፤ ላፍቶ የሚኖሩ ጡረተኛ። አይጽፉም፣ ድምፃቸውን ነው የሚልኩት። ሁሌም «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዶሮ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም» ብለው ይጀምራሉ፤ ከጀርባቸው አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ እሱ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ራሱን «ዶክተር» ብሎ የሚጠራ ወጣት ነው። የዶክተር ቁጥሮች ሁሉ ነጥብ አላቸው። «ሠላሳ ስምንት ዲግሪ» ቢል ይከራከሩት ነበር፤ «ሠላሳ ሰባት ነጥብ አምስት» ሲል ሁሉም ዝም። ነጥብ ያለው ቁጥር ሲጻፍለት የማያምን ሰው ገና አልተወለደም።

ዘሀራ የምትባል ሴትም ነበረች። ነፋስ ስልክ እንቁላል ታከፋፍላለች። እሷ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች፣ ብቅ ባለች ቁጥር ግን የምትጽፈው ጥያቄ ነው። «ስንት ቀኗ ነው? ምን በላች? ኩሷ ምን ይመስላል?» ይህች ሴት ስለ ዶሮ ምንም አታውቅም ብዬ ከደመደምኩ ቆይቻለሁ። የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል እንዴ?

እትዬ ብርቄ የሚኖሩት እኛው ብሎክ ምድር ቤት ነው። ከጋራ ማብሰያው ጀርባ በቆርቆሮ ከልለው አንዲት ገብስማ ዶሮ ያረባሉ፤ አውራው የጎረቤት ነው። እናታቸው ከመሞታቸው በፊት አገር ቤት ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ዶሮ አስታቅፈው ነበር የሸኟቸው፤ ይህች ገብስማ የዚያች ዶሮ ልጅ ናት። እትዬ ብርቄ ከገበያ ሲመለሱ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት እሷን ነው፣ ቀጥሎ እኛን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስወርድ እትዬ ብርቄ መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ዙሪያቸው ላባ ነው። ዶሮዋ እህል ልትቀምስ ከጎጆዋ ወጣ ስትል የሰፈር ውሻ ይዟት ሄዷል። ጎጆው ውስጥ ስምንት ቀን የታቀፈቻቸው አስራ አንድ እንቁላሎች አሉ፤ ገና ይሞቃሉ።

«በቃ፣ ዘሯ ጠፋ» አሉኝ። «የእማዬ ነገር በዚሁ አለቀ። እነዚህንስ ማን ይታቀፍልኛል?»

«እኔ» አልኩ።

ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ?»

«እኔ፣ እትዬ። አይዞዎት። በእውቀት ነው የማስፈለፍልልዎት።»

«እባክህ ቀልድ አይደለም ይሄ።»

«እኔም አልቀለድኩም» አልኩ። አለመቀለዴን ሳውቅ ራሴም ትንሽ ደነገጥኩ።

የቴሌቪዥን ካርቶን አወጣሁ፣ ብርድ ልብስ ጎዘጎዝኩ፣ አምፖል ሰቀልኩበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወይንሸት እጇን አስገብታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ቆጣቢ አምፖል ነው። ያበራል እንጂ አይሞቅም። ለእንቁላሎቹ የምታነብላቸው ነገር አለ?» አለችኝ። የድሮውን አምፖል ሄጄ አመጣሁ። ሙቀት መለኪያ ስላልነበረን ለልጆቹ ትኩሳት የገዛነውን የብብት መለኪያ በሁለት እንቁላሎች መካከል ወሸቅኩት። ሠላሳ ስምንት አለ።

«ትንሽ ትኩሳት አላቸው» አልኳት።

ወይንሸት አልሳቀችም። «እትዬ ብርቄ ሲያለቅሱ አይቻለሁ» አለች። «እነዚህ ቢበላሹ እኔ በዚያ በር በኩል አላልፍም፤ አንተ መውጫ ፈልግ።» የብሎካችን መውጫ ደግሞ አንድ ነው።

እናም ሁሌ የማደርገውን አደረግኩ፤ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። «ስምንት ቀን የታቀፉ አስራ አንድ እንቁላሎች እጄ ላይ አሉ። ላገላብጣቸው ወይስ ልተዋቸው?» ይሄ ከዚያ ቀን በፊት እኔ ራሴ አራት ጊዜ የመለስኩት ጥያቄ ነው። ሁለቴ አገላብጡ፣ ሁለቴ አትንኩ ብያለሁ፤ እንደ ጠያቂው ሁኔታ። አሁን ግን እንቁላሎቹ ፊቴ ስለነበሩ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ መልሱ ጠፋኝ።

የጋሽ ሞላ ድምፅ ቀድሞ ደረሰ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዶሮ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። እንቁላል አይነካም! እናት ዶሮ እጅ አላት እንዴ? ቁጭ ነው የምትለው፣ አለቀ።» ኩኩሉ።

ዶክተር ጻፈ። «በቀን ሦስት ጊዜ ይገላበጣል። ካልተገላበጠ ጽንሱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። ሳይንስ ነው ጋሼ፣ ጊዜው አልፎብዎታል።»

«አንተ ልጅ፣ የእኔ አውራ ዶሮ ካንተ በዕድሜ ይበልጣል!» አሉ ጋሽ ሞላ። እንዲህ የሸመገለ አውራ ዶሮ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከሰዓት በኋላ ግሩፑ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የ«አትንካ» ወገንና የ«ገልብጥ» ወገን። ነገሩን የማያውቅ ሰው መጥቶ የመኖ ጥያቄ ሲጠይቅ «መጀመሪያ የማን ወገን ነህ?» ይባል ጀመር። አንዱ የሌላውን እናት አነሳ። ዘሀራ በመሃል «ይቅርታ፣ እንቁላሎቹን በብርሃን አይታችኋቸዋል?» ብላ ጻፈች፤ ማን ይስማት።

እንግዲህ እኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ማን ልክ ነው ተብሎ አይጣራም። ሽማግሌ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ በሰፈራችን ስንት ባልና ሚስት ያስታረቅኩ ሰው ነኝ፤ ሁለቱ እስካሁን አብረው ናቸው። ሐሳቡን ሳቀርብ ሁሉም ደስ አለው። ከ«አትንካ» አንድ ሽማግሌ፣ ከ«ገልብጥ» አንድ ሽማግሌ፣ ሰብሳቢ እኔ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ በግሩፑ የድምፅ መስመር ተቀመጥን። በጸሎት ከፈትን። የአንዱ ሽማግሌ ስልክ ታክሲ ውስጥ ስለነበር ጸሎቱ መሃል «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የሞላ!» የሚል ገባበት፤ አሜን ብለን አለፍነው።

ዶክተር «ጊዜው አልፎብዎታል» ያለውን ትቻለሁ አለ። ጋሽ ሞላም የአውራ ዶሮውን ዕድሜ ተዉት። ዶክተር ጉልበት የሚስም ሰው ሥዕል ላከ፤ ጋሽ ሞላ «ተነስ ልጄ» አሉ። አንዳንድ ሰው አለቀሰ መሰለኝ፣ ማይክ ላይ አፍንጫ ሲሳብ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወደ እንቁላሎቹ መጣን። ማንም አሸነፈ እንዳይባል አምስቱ ይገላበጡ፣ አምስቱ አይነኩ ተባለ።

ችግር የሆነው አስራ አንደኛው ነው። አስራ አንደኛው እንቁላል አንድ ሰዓት ፈጀብን። አንድ ቀን ይገላበጥ፣ አንድ ቀን ይተው ያለ ነበር። ዕጣ ይውጣበት ያለ ነበር። በመጨረሻ ለሰብሳቢው ይሁን፣ ሰብሳቢው እንደ ሕሊናው ያድርግ ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። በጭብጨባ ጸደቀ። ዘሀራ «ግን በብርሃን አይታችኋቸዋል?» ብላ ደገመች። «እህታችን፣ ሽማግሌ ሲናገር አይቋረጥም» አልኳት፤ በትሕትና።

ወይንሸት ግን ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ኖሯል። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልኳ መብራት አየቻቸው። አስሩ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥር አለ፤ አንዳንዱ ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል። አስራ አንደኛው ባዶ ነው። እንደ ውሃ ብርጭቆ ወለል ብሎ ያሳያል። ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ሰዓት የተከራከርንበት እንቁላል ውስጥ ምንም አልነበረም። ጣልኩት። ለግሩፑ አልነገርኩም፤ ሰው ያጨበጨበለትን ነገር ባዶ ነበር ማለት ነውር ነው።

በእርሳስ አምስቱ ላይ «ገ»፣ አምስቱ ላይ «አ» ጻፍኩ። እትዬ ብርቄ በየጠዋቱ ይመጣሉ። ሐኪም ቤት የተኛ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ካርቶኑ አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ «እንዴት አደሩ?» ይላሉ። ፊደሎቹን ሲያዩ፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

ስለ እርቁ ነገርኳቸው።

«ልጆቿን ለሁለት ከፈልክብኝ?»

«ለሰላም ነው፣ እትዬ።»

«እኔ የጠየቅኩህ ዶሮ ነው እንጂ ሰላም አይደለም» አሉ። ነገሩ የእኔ ጨዋታ ሳይሆን የእናታቸው ዶሮ መሆኑ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነው የገባኝ። ልተወው አልኩ በሆዴ፤ ሁሉንም ላገላብጥ። ግን ማገላበጡ ልክ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ? በዶክተር ነጥብ?

ስለዚህ ቃሌን ጠበቅኩ። በቀን ሦስት ጊዜ ሱቄን ዘግቼ እየሮጥኩ ሦስት ፎቅ እወጣለሁ፣ «ገ»ዎቹን አገላብጣለሁ፣ «አ»ዎቹን በዓይኔ ብቻ ሰላም እላለሁ። ደንበኞቼ «የት ሄደህ ነው?» ሲሉኝ «እንቁላል ላገላብጥ» እላቸዋለሁ፤ ኦሜሌት ቤት የከፈትኩ መስሏቸው ቁርስ የጠየቁኝ አሉ። አንድ ቀን መብራት ሄደ። ወይንሸት ውሃ አሙቃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላችና በብርድ ልብሱ ዙሪያ ደረደረችው። እኔ እላዩ ላይ ተደፍቼ ነበር፤ መብራቱ እስኪመጣ አራት ሰዓት። ግሩፑ ላይ «አሁን በተግባር እየታቀፍኩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሰማንያ አውራ ጣት።

በአስራ ስምንተኛው ቀን ዘሀራ በግል መልእክት መጣች። «ካሁን በኋላ የምታገላብጣቸውንም ተዋቸው፣ ካርቶኑንም አትክፈተው። ውስጥ ውሃ አስቀምጠሃል?» አላስቀመጥኩም። አስቀመጥኩ።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ከካርቶኑ ውስጥ ጢው አለ። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ከ«ገ» አንዱ ተሸንቁሮ ምንቃር ብቅ አለ። እስከ ቀትር ሁለት፣ እስከ ማታ አራት ሆኑ። «አ»ዎቹ ጭጭ። በማግስቱ ከእነሱም አንዱ ተሰነጠቀ፤ ስትወጣ ደክሟት ለረጅም ጊዜ ተጋድማ ቆየች፣ እትዬ ብርቄ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ሲሏት ቆማ ሄደች። እንዳትቀላቀል እግሯ ላይ ቀይ ክር አሰርኩላት። ሁለት ቀን ጠበቅን። ሌሎቹ አልወጡም።

አራት ለአንድ።

ግሩፑ ውጤት ይጠብቃል። ከመጻፌ በፊት ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ሞላ።

«ልጄ፣ ስንት ለስንት ሆነ?»

«አራት ለአንድ፣ ጋሼ። የእርስዎ አንድ ነው።»

ከጀርባቸው አውራ ዶሮው ጮኸ። «ሦስት ለሁለት ብትለውስ? ለእርቁ ብዬ ነው እንጂ ለእኔስ ምኔ ነው።»

«ጋሼ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ዶሮ እንቁላሏን በምንቃሯ ስታገላብጥ አይተው አያውቁም?»

«እኔ ዶሮ ቤት ምን ልሠራ እገባለሁ? የባለቤቴ ናቸው። እኔ የማውቃቸው ድስት ከገቡ በኋላ ነው።»

ስልኩን ሳልዘጋ ዶክተር ደወለ፤ ለእሱም አራት ለአንድ አልኩት። «አምስት ለዜሮ በለው። ያልወጣችው በራሷ ችግር ስለሆነ አትቆጠርም። ያቺ የነሱ ደግሞ አጋጣሚ ናት።» ከኋላው የሆነ ሰው «ዶክተር፣ ስክሪኑ ተቀየረልኝ?» ሲለው ሰማሁ። ልጁ የሚያክመው ስልክ ነበር።

መዋሸት አልችልም ብል ውሸት ነው፤ መዋሸት እችላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰላም ሠርቼበታለሁ። ግን በማያውቁት ነገር መዋሸት ነው ቀላሉ፤ ካወቁት በኋላ እጅ ይይዛል። ሦስት ለሁለት ብዬ ልጽፍ ስል በቀን ሦስቴ የሮጥኩበት ደረጃ ትዝ አለኝ፣ ጉልበቴ አልፈቀደም። እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «ከተገላበጡት አምስት አራት ወጡ። ካልተነኩት አምስት አንድ ወጣች። የሌላ ሰው እንቁላል እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።»

አንድም አውራ ጣት አልመጣም። መጀመሪያ የመጣው «ይሄ ያንተ አስተያየት ነው» የሚል ነበር። ቀጥሎ «እጁን ይታጠብ ነበር ወይ?» ተባለ። ቀጥሎ አንዱ ደመር አድርጎ፣ «አምስትና አምስት አስር ነው። አስራ አንደኛው የት ገባ?» አለ። «ሰብሳቢው በልቶታል» አለ ሌላው። ባዶ ነበር ብዬ ብምል ማን ይመነኝ፤ ያኔ ዝም ብያለሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ሞላ ድምፃቸውን ላኩ። «ይሄ ሰውዬ ድሮም ስለ ዶሮ የሚያውቀው ነገር የለም።» ዶክተር ከሥሩ ጻፈ። «በዚህስ ከጋሼ ጋር መቶ በመቶ እስማማለሁ።» የ«አትንካ» ወገን አጨበጨበ፣ የ«ገልብጥ» ወገን አጨበጨበ። ጋሽ ሞላ ዶክተርን ላፍቶ ቤታቸው ምሳ ጠሩት። እሁድ ዕለት የጀመርኩት እርቅ እዚያ ላይ ተፈጸመ፤ እንዲህ የሰመረ እርቅ በሕይወቴ አስታርቄ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ለግሩፑ ሰላም ሲባል ተባረርኩ።

በዚያ ሁሉ መሃል አንድ ሰው ብቻ በግል ጻፈችልኝ። «ያልወጡትን ሰብረህ አይተሃቸዋል? ስንተኛው ቀን ላይ ነው የቆሙት?» ዘሀራ ናት። እሷ ዛሬም ትጠይቃለች።

ጫጩቶቹ ምድር ቤት ወረዱ። ሳምንታት አለፉ፤ ላባ ማውጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሱቅ ስወርድ እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። አራቱ የ«ገ» ጫጩቶች እግራቸው ሥር ይጭራሉ፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ነጭ፣ ደንዳና ደንዳና። አምስተኛዋን መዳፋቸው ላይ ይዘዋታል። እግሯ ላይ ቀይ ክር አለ። ክንፏ ላይ የወጣው ላባ ገብስማ ነው፤ ቁርጥ ያቺን።

«አየሃት?» አሉኝ። ዓይናቸው ሞልቷል። «እሷው ናት። እማዬ ያስታቀፉኝ እሷው ናት።»

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ።»

«ያልነካሃት ናት እኮ! ያልተነካችው ናት የእናቷን መልክ ይዛ የወጣችው። የነካካሃቸውማ ይኸው፣ መልካቸው ተቀያየረ። እንቁላል አይነካም ለካ። ትናንት ብሎክ አራት ያለችው ልጅ ዶሮ አስታቅፋ ስትጠይቀኝ፣ እንዳትነኪያቸው አልኳት።»

የመልኩ ነገር ከአውራው ነው ልል ነበር። አራት ለአንድ ልል ነበር። ገብስማዋ መዳፋቸው ላይ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች፤ እትዬ ብርቄ እንዳትቀሰቀስ ትንፋሻቸውን ይዘዋል።

«ለእነዚያ ለስልክህ ሰዎች ንገራቸው እንጂ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይወቁት።»

«እነሱማ ያውቁታል፣ እትዬ» አልኩ።